አቡሽ፣ ቦይለሩን ከማብራታችሁ በፊት ይቺን አንብብ

ሰላም አቡሽ፣ እንዴት ናችሁ፣ የእማዬስ ጉልበት ተሻላት? እኔ ደህና ነኝ፣ የኮሎራዶ ብርድ ግን አጥንት ይሰብራል። የላክልኝን ቮይስ ሰማሁት፣ ቦይለሩን ሊሠራ የመጣው ሰውዬ ቴርሞስታቱን (ውሃው ሲሞቅ የሚያጠፋውን እቃ) ዳይሬክት አርጎት፣ ማለት ዘሎት ሽቦውን በቀጥታ አገናኝቶት ሄደ ያልከው ነገር እንቅልፍ ነሳኝ።

እዚህ የአከራዮቼ ጓሮ ሆት ታብ የሚሉት የሙቅ ውሃ ገንዳ አለ፣ በረዶ እየወረደ ሰው 40 ዲግሪ ውሃ ውስጥ እስከ አንገቱ ገብቶ ይቀመጣል፣ ቅንጦት ነው ምን ታረገዋለህ። ሰሞኑን ማሞቅ እምቢ አለና ስክሪኑ ኤፍ ኤል ኦ እያለ ብልጭ ድርግም ይላል፣ ውሃ እየፈሰሰ አይደለም ማለቱ ነው። ሂተሩ ጋ ቧንቧው ላይ ፍሎው ስዊች የምትባል ትንሽዬ እቃ አለች፣ ፓምፑ ውሃውን ሲገፋ ውስጧ ያለችው ምላስ ትታጠፍና ኮንታክቱ ይገጥማል፣ መቆጣጠሪያ ቦርዱ ሂተሩን የሚያበራው ያኔ ነው። ውሃ ሳይዞር ሂተሩ ከነደደ ራሱንም ፕላስቲኩንም ያቀልጠዋል።

አከራዬ ወዲያው ስዊቿን እንቀይራት አለ፣ እኔ ቆይ አልኩት፣ ብዙ ጊዜ እሷ እውነቷን ነው፣ ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነው። ፊልተሩን አውጥተን አስነሳነው፣ ተደፍኖ ቢሆን ኖሮ ኮዱ ይጠፋ ነበር፣ አልጠፋም። ውሃው ሙሉ ነው፣ ቫልቮቹ ክፍት ናቸው፣ አየርም አልያዘም። ከዛ ብሬከሩን አጥፍቼ (240 ቮልት ነው፣ በእርጥብ እጅ አይቀለድበትም) የስዊቿን ሽቦ ከቦርዱ ነቅዬ ቴስተር አሰርኩበትና መልሰን አበራን። ፓምፑ ሲቆም ክፍት ነች፣ ልክ ነው። ሲነሳ መዝጋት ነበረባት፣ ቴስተሩ ግን ጭጭ። አጥፍተን ቫልቮቹን ዘግተን ስንፈታት ምላሷ ስር ያ ማንቆርቆሪያችን ውስጥ የሚጋግረው ነጭ ኖራ ይዟታል፣ በጣቴ ስገፋት ግማሽ ላይ ትቆማለች። ኮምጣጤ ውስጥ ነከርናት፣ ትንሽ ተፍታታች ግን አላመንኳትም፣ አዲስ ገዛን። ስትገጥማት ላይዋ ያለው ቀስት ውሃው ወደሚሄድበት መዞር አለበት፣ አለዚያ አዲሷም ያው ነች።

ጎረቤታቸው ምን አለ መሰለህ፣ ሁለቱን ሽቦ አገናኙትና ተገላገሉ! ይሠራል እኮ፣ ፓምፑ እስኪቆም። ያንተም ሰውዬ ያደረገው ይሄንኑ ነው። ቴርሞስታት የሌለው ቦይለር ማቆሚያ የለውም፣ ውሃው እስኪፈላ ይነድዳል፣ ግፊት ሲበዛ የሚያስተነፍሰው ሴፍቲ ቫልቭ በኖራ ተደፍኖ ከሆነ ደግሞ ታንኩ ሊፈነዳ ይችላል፣ እማዬ እዛ ሻወር ውስጥ ቆማ!

ስለዚህ ዛሬውኑ ብሬከሩን አውርደው፣ እማዬ ለጊዜው ውሃ በምድጃ ታሙቅ። የቴርሞስታቱንም የሴፍቲ ቫልቩንም ብር በእሷ ስም ልኬያለሁ፣ አሮጌውን ፈተህ ይዘህ ሂድና እሱኑ የሚመስል ግዛ፣ ከመግጠምህ በፊት ፎቶ ላክልኝ። ሰውዬው ተመልሶ ከመጣ ቡና አጠጡት፣ ቦይለሩን ግን እንዳታስነኩት።

ወንድምህ