ብሩ ፎርጅድ መሆኑ ብቻውን አይበቃም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ሐሰተኛ ብር ሲያዘዋውር እጅ ከፍንጅ የተያዘ ሰው በእስራት ተቀጣ የሚል ዜና በየጊዜው ታወጣላችሁ። ይግባኙ ምን ላይ ደረሰ የሚል ግን አንብቤ አላውቅም። እኔ ደሴ ውስጥ ማመልከቻ በመጻፍ የምተዳደር ሰው ነኝ። ዜናው ለእናንተ ባለቀ ማግስት የተፈረደበት ሰው ቤተሰብ እኔ ጋ ይመጣል።

የወሎን ገበያ ያየ ነገሩ አይጠፋውም። ሰኞ ባቲ ላይ ገዢው አጣድፎ ይቆጥራል፣ ደላላው መሃል ገብቶ ያዋክባል፣ ፍየል ሻጩ ሳይመሽ አገሩ መግባት አለበት። ኖቱን ወደ ብርሃን አንሥቶ የውሃ ምልክቱንና ክሩን የሚፈትሽ ስንቱ ነው? በማግስቱ ከዚያው ብር አንዷን አውጥቶ ዘይት ሊገዛ ሲል ባለሱቁ ይጮኻል። ዕዳ ከሜዳ ይሉታል እንዲህ ነው።

ሁሉም ንጹሕ ነው እያልኩ አይደለም። በ200 ብር ኖት ከሱቅ ሱቅ እየዞረ አንድ አንድ ሳሙና ገዝቶ መልስ የሚሰበስብ አለ። ተመሳሳይ ቁጥር ያላቸው ኖቶች በየኪሱ ተከፋፍለው የተገኙበት አለ። እሱ ይግባኝ ቢልም የትም የሚደርስ አይመስለኝም፤ እኔም አላዝንለትም። ከእውነተኛ ብር መሃል አንዲት ፎርጅድ የተገኘችበት፣ እሷንም ለሚያውቀው ጎረቤቱ የሰጠ ሰው ግን ሌላ ነው።

በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ቁጥር 23 መሠረት ድርጊቱ ብቻውን ወንጀል አይሆንም፤ የሐሳብ ክፍሉም፣ ማለትም አስቦ ወይም በቸልተኝነት ማድረጉ፣ መሟላት አለበት። በቸልተኝነት የተፈጸመ ድርጊት ደግሞ የሚያስቀጣው ሕጉ በግልጽ ሲደነግግ ብቻ ነው። የባንክ ባለሙያ «ይህ ኖት ሐሰተኛ ነው» ብሎ ሲጽፍ የመሰከረው ስለ ወረቀቱ ነው። ሰውየው ማወቅ አለማወቁን በሌላ ማስረጃ ማስረዳት የዐቃቤ ሕግ ሥራ ነው። የይግባኙም ሆድ ዕቃ ይኸው ነው።

የሚያሳዝነው ሰዎች ይህን ትተው «ድሃ ነኝ፣ የልጆች አባት ነኝ በልልኝ» ይሉኛል። እሱ ቢበዛ ቅጣት ለማስቀነስ እንጂ ጥፋተኝነቱን አይነካም። ከዚያ የባሰው ደግሞ የቃል መለዋወጥ ነው። ፖሊስ ጣቢያ በድንጋጤ «ብሩ የእኔ አይደለም» ይላል። ችሎት ሲቀርብ «ከፍየል ሽያጭ ያገኘሁት ነው» ይላል። በይግባኙ ሦስተኛ ታሪክ ይዞ ሲመጣ ማን ያምነዋል? ፍየሏ ስትሸጥ አጠገቡ የነበረውንም ሰው በመከላከያ ምስክርነት መቁጠር የነበረበት መጀመሪያውኑ ነው። ይግባኝ ሰሚው በመደበኛው አካሄድ መዝገቡን ይመረምራል እንጂ ምስክር እንደ አዲስ አይሰማም።

ቀኑም አለ። በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 187 መሠረት ይግባኝ ባይ ውሳኔው በተሰጠ በ15 ቀን ውስጥ ለፈረደው ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ይግባኝ ማለቱን ማስታወቅ አለበት። የይግባኝ ቅሬታውን የሚያቀርበው የፍርዱን ግልባጭ ባገኘ በ30 ቀን ውስጥ ነው። እኔ ጋ የሚመጡት ብዙዎቹ 30ውን ሰምተዋል፣ 15ቱን አልሰሙም። አንዳንዱ ግልባጩ እስኪወጣ ብሎ ቁጭ ይላል። በራሱ ጥፋት አለመዘግየቱን የሚያስረዳ ሰው ጊዜው ካለፈም በኋላ ይግባኝ ለማለት ማስፈቀጃ መጠየቅ ይችላል፤ ግን ያ ራሱን የቻለ ሌላ ክርክር ነው።

የሐሰተኛ ገንዘብ ጉዳይ ፌዴራል ስለሆነ የክልል ፍርድ ቤቶች የሚያዩት በውክልና ነው። ይግባኙ ወደ ክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው ወይስ ወደ ፌዴራል ጠቅላይ የሚለውም እንደፈረደው ፍርድ ቤት ደረጃ ይለያያል። ጠበቃ የሌለው ገበሬ ይህን ከየት ያመጣዋል? የይግባኝ መብቱ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ተጽፎለታል፤ መንገዱን የሚያሳየው የለም እንጂ።

ስለዚህ ዳኞች ቅጣት ባነበቡ ቁጥር 15 ቀኑንና ይግባኙ የሚቀርብበትን ፍርድ ቤት ለተፈረደበት ሰው በሚገባው ቋንቋ ቢነግሩት፣ በውሳኔው ላይም ቢያሰፍሩለት ጥሩ ነው። የማረሚያ ቤት ሰዎችም አዲስ ገቢ ሲመዘግቡ «ይግባኝ ማለትህን አስታውቀሃል?» ብለው ይጠይቁት።

ከአክብሮት ጋር፣
ማመልከቻ ጸሐፊ፣ ከደሴ