የላቮዚዬን ሕግ ስናስተምር ባለቤቱ የሣለችውም ሥዕል ይግባ

ይድረስ ለትምህርት ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ማሪ አን ፖልዝ ላቮዚዬ በኬሚስትሪ መማሪያ መጽሐፍ እንድትካተት ስለመጠየቅ

የኬሚስትሪ መምህር ነኝ። በኬሚካዊ ለውጥ መጠነ ቁስ አይፈጠርም፣ አይጠፋም የሚለውን ሕግ ሳስተምር የፈረንሳዊውን ኬሚስት የአንትዋን ላቮዚዬን ስም ሰሌዳው ላይ እጽፋለሁ። ተማሪዎቼ “በምን ዕቃ ለካው?” ሲሉኝ ግን የማሳያቸው የለኝም። ቤተ ሙከራችን ለስሙ ያህል ነው፤ ዕቃውን በጠመኔ ለመሣል እሞክራለሁ፣ ሥዕል ደግሞ አይሆንልኝም።

ሥዕሉ ከ230 ዓመት በፊት ተሠርቶ አልቋል። የሠራችው ሚስቱ ናት።

ማሪ አን እ.ኤ.አ. በ1771 ስትዳር ገና 13 ዓመቷ ነበር፤ እሱ 28። (ጋብቻውን ለማሞገስ አልጽፍም፤ እኛም የምንታገለው ነገር ነው።) ባሏ እንግሊዝኛ ስለማያነብ እሷ ተማረች። ፍሎጂስተን የሚባል ነገር ከሚነድ አካል ይወጣል ብሎ የሚከራከረውን የአየርላንዳዊውን ኬሚስት የሪቻርድ ኪርዋንን መጽሐፍ ወደ ፈረንሳይኛ መለሰችው፤ በ1788 የራሷ ማስታወሻ ታክሎበት ታተመ። ላቮዚዬና ባልደረቦቹ የኪርዋንን ሐሳብ ነጥብ በነጥብ የሞገቱት በዚያው እትም ላይ ነው።

ሥዕልን ከታዋቂው ፈረንሳዊ ሠዓሊ ከዣክ ሉዊ ዳቪድ ተማረች። በ1789 ለወጣው የላቮዚዬ የኬሚስትሪ መጽሐፍ 13 ገጽ ሥዕላዊ መግለጫ የሠራችው እሷ ናት። ሜርኩሪ 12 ቀን የጋለበት አንገቱ የተቆለመመ ጠርሙስ፣ ምድጃው፣ የጋዝ መለኪያው፣ ሁሉም ከነመጋጠሚያው አለ። ዕቃውን ዓይቶ የማያውቅ ሰው አሠራሩ እንዲገባው ነው የተሣለው። ስሟ ከሥዕሎቹ ግርጌ አለ፤ የመጽሐፉ ሽፋን ላይ ግን የለም። ስለ አተነፋፈስ የተደረገውን ሙከራ ስትሥል ደግሞ ራሷንም ጨመረች፦ ጠረጴዛ ይዛ ውጤት ስትመዘግብ።

እ.ኤ.አ. ግንቦት 8 ቀን 1794 የፈረንሳይ አብዮተኞች ባሏንና አባቷን በአንድ ቀን በጊሎቲን (አንገት መቁረጫ መሣሪያ) ገደሉባት። ንብረቷ ተወረሰ፣ እሷም ታሰረች። ከእስር ስትወጣ የባሏን ወረቀቶችና መሣሪያዎች አስመልሳ የመጨረሻ ጽሑፎቹን አሳተመች። በኋላ ሳይንቲስቱን ካውንት ረምፎርድን ስታገባ እንኳ ላቮዚዬ የሚለውን ስም አልተወችም።

ኦክሲጅንን እሷ አገኘችው እንዲባል አልጠይቅም፤ ያልሠራችውን መስጠትም ማዛባት ነው። የሴት ስም ለማሟላት ጥግ ላይ በሣጥን የምትቀመጥ “ይህን ያውቁ ኖሯል?” እንድትሆንም አልፈልግም። የምጠይቀው መጽሐፉ ቀጣይ ሲታረም ሕጉ በሚብራራበት ገጽ ላይ ከሥዕሎቿ አንዱ፣ የሜርኩሪው ቢሆን ይመረጣል፣ ስሟ ከሥሩ ተጽፎ እንዲገባ ነው። ዕድሜው ሁለት ክፍለ ዘመን ስላለፈ የቅጂ መብት አያስከፍልም። ቤተ ሙከራ ለሌለው ትምህርት ቤት ደግሞ ከእኔ የጠመኔ ሥዕል በብዙ ይሻላል።

ከሰላምታ ጋር
አንድ የኬሚስትሪ መምህር