ለእድራችን አባላት፦ ሰው ሲያዝ ምን እናድርግ?

የተከበራችሁ አባላት፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

ባለፈው ሳምንት ተይዞ የነበረውን የሰፈራችንን ልጅ ፊቱ አብጦ ስናየው ሁላችንም አልቅሰናል። እናቱ ሦስት ቀን ሙሉ ከጣቢያ ጣቢያ ተንከራትታለች። እባካችሁ፣ ከእንግዲህ ሰው ሲያዝ ሰዓቱን ወዲያውኑ ጻፉ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት ፖሊስ የያዘውን ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ማቅረብ አለበት፤ የማይቆጠረው ለመንገድ የሚፈጀው ጊዜ ብቻ ነው። ተገዶ የሰጠው ቃል ማስረጃ አይሆንም። አንቀጽ 21 ደግሞ ቤተሰብ፣ ሐኪምና ጠበቃ እንዲጎበኙት ይፈቅዳል። የተደበደበ ካለ ዳኛው ፊት ቁስሉን ያሳይ፤ ሲፈታም በዕለቱ ሐኪም ቤት ውሰዱትና የሕክምና ማስረጃ ተቀበሉ።

እኩለ ሌሊትም ቢሆን ደውሉልኝ። ብቻችሁን ጣቢያ አትሂዱ፤ አብረን እንሄዳለን።

የእድሩ ጸሐፊ