ጋሼ ፊሽካ ሰላም ብለውሻል

ይድረስ ለውዷ ጓደኛዬ፣

ለጤናሽ እንደምን ከረምሽ? እኔ ክብሩ ይስፋና ደህና ነኝ። ከናፍቆትሽ በቀር ምንም አልሆንኩም። (አየሽ፣ የድሮው አጻጻፍ አልጠፋኝም።) "ማን ይጀምር" እየተባባልን ይኼን ያህል ጊዜ መጠፋፋታችን ይበቃል። በቃ፣ እኔ ጀመርኩ። ወቀሳውን ስትመጪ እናወራርዳለን።

ገና አለፈ። እንደምታውቂው የእኛ ቤት በዓል የሚጀምረው ከቁልቢ ነው። ታኅሣሥ 19 ገብርኤልን ሊሳለም ከአዲስ አበባም ከጅጅጋም የመጣ ዘመድ "ከመጣን አይቀር" ይልና እዚሁ ድሬ ለገና ይከርማል። ሳሎኑ ፍራሽ በፍራሽ ይሆናል። ሽንት ቤት ወረፋ አለው። ጾም ነውና ሽሮ፣ አሁንም ሽሮ። ሰው ቶሎ ይነጫነጫል።

እነዚያን ቀናት በማን እንደምናልፋቸው ልንገርሽ? በጤነኞቹ እንዳይመስልሽ። ጤነኞቹ ስልካቸው ላይ አቀርቅረው ይውላሉ። ስለ ቦታ ዋጋና ስለ ዶላር ትንሽ ያወሩና ያዛጋሉ። በዓሉን በዓል የሚያደርጉት እኔና አንቺ ከዚራ ሰፈር ዛፍ ሥር የምንደበቃቸው እነዚያ ዘመዶቼ ናቸው።

እትዬ ዘንድሮም ደንገጎን በእግራቸው ወጡ። ጉልበታቸው ከከዳቸው ቆይቷል፤ "ወደ እሱ የሚሄደው ጉልበት ሌላ ነው" ይላሉ። አመላቸው አልለቀቃቸውም። ለራሳቸው አይሳሉም፤ ሳያስፈቅዱ በሰው ስም ይሳላሉ። የአጎቴ ልጅ ፈተና አለፍኩ ብሎ ሲጨፍር "ደስ ይበልህ፣ ግን የገብርኤል ጧፍ አለብህ" አሉት። ለጎረቤታችን ለሐጂም ስኳራቸው እንዲወርድ ተስለውላቸው ነበር። ሐጂ ሳቁና የዣንጥላውን ግማሽ ዋጋ ከፈሉ። አንቺም አለብሽ። ያኔ ቪዛ እንዲመታልሽ ተስለውልሻል፤ ትልቅ ዣንጥላ፣ ዘርፍ ያለው። ወለድ የለውም፤ ግን በየዓመቱ ይጠይቁኛል።

ጋሼ ፊሽካማ ብሶባቸዋል። ዕድሜያቸውን ሙሉ ምድር ባቡር ትኬት ሲቆርጡ ኖረው ጡረታ ወጡ፤ በገና ቀን ግን ሸፍ ደ ጋር (የጣቢያ አለቃ) ናቸው። በ2009 የተመረቀውን አዲሱን ባቡር እስካሁን አልተሳፈሩበትም። "ጣቢያው ከከተማ ውጪ የሆነ ባቡር አውቶቡስ ነው" ይላሉ።

ዶሮው ወጥቷል። ያ ሁሉ ሰው እጁን ታጥቦ ተቀምጧል። ማንም አይቆርስም። እሳቸው ኮታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው በር ላይ ቆመዋል (ታኅሣሥ ለድሬ ሰው ብርድ አይደል)። ያቺ የነሐስ ፊሽካ በጫማ ክር አንገታቸው ላይ ተንጠልጥላለች። ጥርስ የሚነክሳት ቦታ ተጠፍጥፏል። ሰዓታቸውን ያያሉ። ከዚያ ንግግሩ ይመጣል፦ "ባቡሩ በ1895 እዚህ ባይደርስ ኖሮ ይኼ ቦታ አሸዋ ነበር፤ እናንተም አትወለዱም ነበር!" ልጆቹ ቃል በቃል አብረዋቸው ይሉታል። ከዚያ ፊሽካው! ውሻው ይጮሃል፣ ሕፃኑ ያለቅሳል፣ እንጀራው ይቆረሳል።

የወንድሜ ሚስት ከአዲስ አበባ ስትመጣ የመጀመሪያዋ ነበር። "ሐኪም አይቷቸዋል?" አለችኝ በሹክሹክታ። "አቦ ተያቸው!" አልኳት። ማታ ወንበር በወንበር ደርድረው ልጆቹን "ሲያሳፍሩ" እሷም ተሰልፋ ትኬት ስታስቆርጥ አገኘኋት።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ጋሼ የእንግዳ ሁሉ መድረሻ ሰዓት የሚጽፉበት ባለ ካሬ ደብተር አላቸው። እነ እማዬ ሥጋ ሲከትፉ ወስጄ ገለጥኩት። ለካ አንቺም አለሽ! ከሄድሽበት ዓመት ጀምሮ በየገናው ስምሽ ተጽፏል። ከጎኑ በቀይ እስክሪብቶ "ዘግይታለች" ይላል። የሞተ ሰው ስም ላይ መስመር ያሰምራሉ፤ የተጣላቸውም ሰው ላይ ያሰምራሉ (አባቴ ሁለቴ ተሰርዞ ሁለቴ ተመልሷል)። የአንቺ ንጹሕ ነው።

"ይህችን ልጅ ለምን አይሰርዟትም? ደብዳቤ እንኳ አትጽፍም እኮ" አልኳቸው፣ ልነካካቸው ብዬ።

"መንገድ ላይ የቆመ ባቡር ቀርቷል ይባላል እንዴ?" ብለው ደብተሩን ነጠቁኝ።

ለማንኛውም አዲሱን ስልክ ቁጥርሽን ላኪልኝ፤ የድሮው አይሠራም። እትዬ የዣንጥላውን ቀለም ትምረጥ ብለዋል፤ ቀይ ወይስ ሰማያዊ? ጋሼ ደግሞ የምትመጪበትን ቀን ከነሰዓቱ ይፈልጋሉ። በአውሮፕላን መሆኑን ብቻ እንዳትነግሪያቸው።

የዘወትር ወዳጅሽ
ከድሬ ዳዋ