የኮምፒውተር ክበብ በ2017 ዓ.ም.፦ ከቨርዥን 1 ወደ ቨርዥን 2

በመምህራን ማረፊያ ክፍል ክበባችን «የጌም ክበብ» እንደሚባል አልጠፋኝም። ዘንድሮ ግን ከቤተ መጻሕፍታችን መጽሐፍ የተዋሰ ሁሉ የተመዘገበው የክበባችን ልጆች በጻፉት ፕሮግራም ነው። ጠርዙ የተበላው ትልቁ መዝገብ ጡረታ ወጥቷል። ጌም ከሆነ እንግዲህ ጥሩ ጌም ነው።

በመጀመሪያው ሴሚስተር እንደ ማንኛውም ክበብ ተመዘገብን፣ ኃላፊዎች መረጥን፣ ሐሙስ ሐሙስ ከትምህርት በኋላ እየተገናኘን ጃቫስክሪፕት የሚባለውን የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ሀ ሁ ቆጠርን። በኅዳር አብርሆት ቤተ መጻሕፍትን ጎበኘን። አራት ኪሎ ለእኛ ቅርብ ስለሆነ በእግራችን ሄድን፤ የትራንስፖርት ብር አልጠየቅንም፣ ብንጠይቅም መልሱን እናውቀዋለን። ልጆቹ ሲመለሱ «የእኛስ ለምን በወረቀት ይሆናል?» አሉ፤ ሥራው ከዚያ ጀመረ።

ፕሮግራሙ ኢንተርኔት አይጠይቅም። መረጃው እዚያው ብሮውዘሩ ውስጥ ኢንዴክስድ ዲቢ በሚባል ዳታቤዝ (የመረጃ ቋት) ይቀመጣል። «ይሄ ደግሞ የትኛው ፋሽን ነው?» ላሉን፣ የድር ደረጃዎችን የሚያወጣው ደብልዩ ስሪ ሲ ያጸደቀው በ2015 እ.ኤ.አ. ነው፤ የታወቁት ብሮውዘሮች ሁሉ ይዘውታል። ጉድለቱንም አልሸሽግም፤ መረጃው ያለው በአንድ ኮምፒውተር፣ በአንድ ብሮውዘር ብቻ ነው። በጥር አንድ ሰው «ኮምፒውተሩ ከብዶታል» ብሎ የብሮውዘሩን ዳታ ሲያጸዳ የቀናት ምዝገባ አብሮ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ዓርብ ዓርብ በፍላሽ ቅጂ ይወሰዳል።

እውነተኛው ፈተና የመጣው በሁለተኛው ሴሚስተር ነው። በቨርዥን 1፣ ማለትም በመጀመሪያው የዳታቤዙ ቅርጽ፣ የተማሪው ስምና ክፍል አንድ ላይ ተጽፎ ስለነበር፣ ክፍል የቀየረ ተማሪ ሁለት ሰው ሆኖ ይታይ ነበር። ሁለቱን መለየትና በመለያ ቁጥር የሚፈለግበት ኢንዴክስ (ማውጫ) መጨመር አስፈለገ። በዚህ ዳታቤዝ ደግሞ ኢንዴክስ እንዳሻህ አይጨመርም። ዳታቤዙ ከፍ ባለ የቨርዥን ቁጥር ሲከፈት ብሮውዘሩ «አፕግሬድ ኒድድ» (ማሻሻያ ያስፈልጋል) የሚለውን ኢቨንት፣ ማለትም ምልክት፣ ይልካል፤ መዋቅር የሚነካው በዚያች ሰዓት ብቻ ነው። ልጆቹ እዚያ ውስጥ ሌላ ትራንዛክሽን (ወይ ሙሉ በሙሉ የሚጸና ወይ ሙሉ በሙሉ የሚሰረዝ የሥራ ጥቅል) ሊከፍቱ ሲሞክሩ ኤረር መጣባቸው። ለካ ብሮውዘሩ ራሱ አንድ ትራንዛክሽን ከፍቶ ይሰጣል፤ የሚሠራው በተሰጠው ነው።

ቀጥሎ ደግሞ በማሻሻያው መሀል የተማሪዎችን ዝርዝር ከሌላ ኮምፒውተር ለማምጣት ፈለጉ። ትራንዛክሽኑ ግን የሚጠብቀው የዳታቤዝ ጥያቄ ከሌለ ራሱን ይዘጋል፤ ኔትወርክ እስኪመልስ አይታገሥም። ስለዚህ ዝርዝሩ አስቀድሞ ይመጣና ከዚያ በኋላ ዳታቤዙ ይከፈታል፤ ይህን ያገኙት ሁለት የ10ኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው። ሌላው ጣጣ ታብ ነበር። አሮጌው ገጽ በሌላ ታብ ክፍት ከሆነ ማሻሻያው «ብሎክድ» ተብሎ ይቆማል። አሁን አሮጌው ገጽ የቨርዥን ለውጥ መምጣቱ ሲነገረው ግንኙነቱን ራሱ ዘግቶ መንገድ ይለቃል።

ለዚህ ዘገባ ብዕር ያስነሳኝ ቀን ግን በመጋቢት የነበረው ነው። ማሻሻያው በቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራበት ቀን ስለነበር ክበቡ በሙሉ ዙሪያውን ቆሟል። አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ገጹን ከፈተች፤ የድሮው ምዝገባ አንድ በአንድ ወደ አዲሱ ቅርጽ መዛወር ጀመረ። መብራት ጠፋ። ዝም አልን። የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛችን «በቃ፣ ሄደ?» አሉ፤ እጃቸው ያን አሮጌ መዝገብ ካስቀመጡበት መደርደሪያ ላይ ነበር። ልጅቷ ግን «አይዞሽ ማዘር፣ ካልጨረሰ አልጀመረም ማለት ነው» አለቻቸው። እውነቱን ለመናገር እኔም በልቤ የዓርቡን ፍላሽ እያሰብኩ ነበር።

መብራት ሲመለስ ወደ ዋናው ገጽ አልገባችም፤ ብትገባ ማሻሻያው እንደገና ይነሳል። የፕሮግራሙን የመመሪያ ገጽ ከፍታ፣ በኮንሶሉ (በብሮውዘሩ የትእዛዝ መጻፊያ) ላይ የቨርዥን ቁጥር ሳትሰጥ ዳታቤዙን ጠራችው፤ ቁጥር ካልተሰጠው ያለውን እንዳለ ይከፍታልና። ስክሪኑ ላይ 1 የሚል ቁጥር ወጣ። ግማሽ የተዛወረ ነገር የለም፣ የጠፋ ስምም የለም፤ ትራንዛክሽኑ ስላልተጠናቀቀ መዋቅሩም መረጃውም ወደ ነበረበት ተመልሷል። ይህንን በሰሌዳ ላይ ደጋግሜ አስተምሬዋለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን የገባው ተማሪ አላየሁም። ልጅቷ ከዚያ ወደ ዋናው ገጽ ገብታ ማሻሻያውን ደገመችው፤ ቁጥሩ 2 ሆነ፣ ጭብጨባው ከዚያ በኋላ መጣ። በቤተ መጻሕፍት ውስጥ አይጨበጨብም የሚለውን ደንብ ያን ቀን ያስታወሰ አልነበረም፣ ሠራተኛዋም ጭምር።

እንግዲህ ወደ ገንዘቡ ልምጣ። ለእግር ኳስ ክበቡ አዲስ ማሊያ መገዛቱ ደስ ብሎናል፤ ልጆቻችንም እየጮሁ ደግፈዋል። የኮምፒውተር ክበቡ በዓመቱ ያገኘው ግን አንድ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ነው፣ እሱም አንዱ ቀዳዳ አይሠራም። የምንፈልገው ለቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒውተር አንድ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጊዜው የሚይዝ ባትሪ)፣ ለላብራቶሪው ደግሞ ተጨማሪ ራም (የኮምፒውተር የሥራ ማስታወሻ) ነው። ቤታቸው የተቀመጠ፣ ባትሪው የሞተ ላፕቶፕም ቢሆን ያላቸው ወላጆችና የቀድሞ ተማሪዎች ለምክትል ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ቢያስረክቡ እንጠቀምበታለን። በቨርዥን 3 የመመለሻ ቀናቸው ያለፈ መጻሕፍት ዝርዝር ይጨመራል። ሥራው በክረምቱ ስለሚጀመር ዩፒኤሱ ከሐምሌ በፊት ቢደርሰን ይሻላል። መጽሐፍ ሳትመልሱ የከረማችሁ ተማሪዎች ደግሞ እስከዚያው ጊዜ አላችሁ።