ሰዓቱ በእኔ እጅ ነበር፦ ደብዳቤ ለልጄ

ውድ ልጄ፣

በመጪው ወር ከሦስት ጓደኞችሽ ጋር ወደ ጥልቁ ሸለቆ ወርዳችሁ በዚያው ቀን ለመመለስ እንዳሰባችሁ ጽፈሽልኝ፣ ምን ዓይነት ጫማ ብትገዢ እንደሚሻል ጠይቀሽኛል። የጫማውን ጉዳይ ሳልረሳው እመለስበታለሁ። አስቀድሜ ግን ባለፈው ሳምንት ከአራት ወዳጆቼ ጋር በእንዲህ ዓይነቱ ሸለቆ የዋልንበትን ቀን እንደሆነው ልንገርሽ፤ በስልክ ስትጠይቂኝ «ደክሞን ነበር፣ ደስ ግን ይል ነበር» ብዬ ያለፍኩት ያልነገርኩሽ ነገር ስላለ ነው።

ተራራ የሚወጣ ሰው ጉልበቱ ትኩስ ሳለ አቀበቱን ይጨርሳል፤ ሲደክመው ፊቱን ቢያዞር የሚጠብቀው ቁልቁለት ነው። ሸለቆ የዚህ ተገላቢጦሽ ነው። ጠዋት ሳይታወቅሽ የወረድሽውን መንገድ ከሰዓት በኋላ በዛለ እግርና በጋለ አየር መልሰሽ ትወጪዋለሽ። ይህን ሁላችንም እናውቅ ነበር። ማወቃችን ግን እንዳልጠቀመን ከዚህ በታች ታያለሽ።

መንገዳችን ከአፋፉ እስከ ወንዙ 7 ኪሎ ሜትር ሲሆን ቁልቁለቱ 900 ሜትር ያህል ይወርዳል። ዋዜማውን ተቀምጠን ሒሳቡን ሠርተናል። ዊሊያም ናይስሚዝ የተባለ ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ በ1892 እ.ኤ.አ. ያወጣው ቀመር አለ፤ በግምት ለየ5 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሰዓት፣ ለየ600 ሜትሩ አቀበት ደግሞ ሌላ አንድ ሰዓት ይጨምራል። በዚህ ስሌት መውጣቱ ሦስት ሰዓት እንኳ አይሞላም። ቀመሩ ግን ብርቱ እግር ላለው መንገደኛ የተሠራ ነው፤ ዕረፍትንም ሙቀትንም አይቆጥርም። ስለዚህ ሸለቆ የለመዱ ሰዎች እንደሚያደርጉት፣ ለመውጣት የመውረዱን እጥፍ ጊዜ መያዝ እንዳለብን ተስማማን። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተነሥተን፣ የትም ብንደርስ ልክ 4 ሰዓት ሲሆን ፊታችንን ወደ ላይ እንድናዞር ወሰንን። በዕድሜ ስለምበልጣቸው ሰዓት ጠባቂነቱን ለእኔ ሰጡኝ።

አወራረዳችን ያማረ ነበር፤ ያታለለንም እሱ ነው። ቁልቁለት ላይ ትንፋሽ ስለማያጥር ሰው ድካሙን አያይም፤ ሆኖም የጭን ጡንቻ በየእርምጃው ሰውነትን እየገታ ተለጥጦ ስለሚሠራ ጥቃቅን ጉዳት ይደርስበታል፤ ሕመሙ የሚብሰውም በማግሥቱና በሦስተኛው ቀን ነው። ከመካከላችን ፈጣኑ ወዳጃችን ከቋጥኝ ቋጥኝ እየዘለለ ከፊት ይሄድ ነበር። ምርኩዝ ይዘን ቀስ እያልን የምንወርደውን «ሽማግሎች» እያለ ሲቀልድብን ሁላችንም ስቀናል፤ እውነቱን ለመናገር እኔም ኋላ መቅረቴ ቆጭቶኝ እርምጃዬን አፍጥኜ ነበር።

ወንዙ ዳር ስንደርስ 3 ሰዓት ሆኖ ነበር። ግድግዳው ገና ጥላውን አልሰበሰበም፣ ውሃው ቀዝቃዛና ጥርት ያለ ነው፤ ጫማችንን አውልቀን እግራችንን ነከርን። 4 ሰዓት ሲሆን የእጅ ሰዓቴን አየሁ። አንዱ ጋደም ብሏል፣ ሁለቱ ይዋኛሉ፣ ጨዋታው ደርቷል። ዝም አልኩ። ልጄ፣ በስልክ ያልነገርኩሽ ይህንን ነው። የረሳሁት አይደለም፤ ጨዋታውን የማፈርስ ሰው መሆን ስላልፈለግሁ አይቼ እንዳላየሁ ሆንኩ። አንዴ ካለፈ በኋላ ደግሞ 4 ተኩልም 5 ሰዓትም ያው መሰለኝ። የተነሣነው ፀሐይ አናታችን ላይ ስትደርስ፣ 6 ሰዓት ላይ ነው።

ደረቅ አየር ወደ ታች በወረደ ቁጥር በየ100 ሜትሩ ወደ 1 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ይሞቃል። ስለዚህ አፋፉ ላይ ደስ የሚል የነበረው ቀን ከታች እንደ ምድጃ ነው፤ በፀሐይ የጋለው ቋጥኝም ሙቀቱን መልሶ ይተፋዋል። የመጀመሪያውን ሰዓት እንደምንም ተጓዝን። በሁለተኛው ላይ ያ ፈጣን ወዳጃችን መጀመሪያ ቀልዱን፣ ቀጥሎም ንግግሩን ተወ። ራሱን አመመው፣ አቅለሸለሸው። እኛም ውሃ ጠማው ብለን አሁንም አሁንም ውሃ እናቀብለው ነበር። ብዙ ሸለቆ ያየችው ወዳጃችን ግን ጠርሙሱን ከእጁ ተቀብላ፣ ከጠዋት ጀምሮ ምን እንደበላ ጠየቀችው። ውሃ ብቻ ሲጠጣ ውሎ ምንም አልቀመሰም። ላብ ከውሃው ጋር ጨውንም ይዞ እንደሚወጣ፣ ያለ ምግብ ውሃ ብቻ ከመጠን በላይ ሲጠጣ በደም ውስጥ የቀረው ጨው እንደሚቀጥን፣ ምልክቱም ከሙቀት ሕመም ጋር ስለሚመሳሰል ሰው ሊሳሳት እንደሚችል ያስረዳችን እሷ ነች። ጥላ ሥር አስቀመጥነው፤ ሸሚዙን አርሰን አለበስነው፤ ጨው ያለበትን ምግብ በትንሽ በትንሹ እንዲበላ አደረግን። ፊቱ ወደ ቀድሞው መልኩ እስኪመለስ አንድ ሰዓት ገደማ ፈጀብን።

ከዚያ በኋላ ሸክሙን ተከፋፍለን እሱን ከፊት አስቀደምነው፤ ማንም እንዳይቀድመው ተስማማን። ሃያ እርምጃ ሄዶ ይቆማል፣ እኛም እንቆማለን። በተቀመጥን ቁጥር መነሣቱ ይብስብን ስለነበር ኋላ ኋላ ቆመን ማረፍ ጀመርን። በግድግዳዎቹ መካከል ስልክ ስለማይሠራ ለማንም መናገር አልቻልንም። የመጨረሻውን 2 ኪሎ ሜትር በባትሪ ብርሃን ወጣን፤ ባትሪ የያዝነውም ከአምስታችን ሁለታችን ብቻ ነበርን። አፋፉ ላይ ስንደርስ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሆኖ ነበር። ወዳጄ አንድም ቃል አልወቀሰኝም፤ ቢወቅሰኝ ይቀለኝ ነበር።

ጠባቡን መተላለፊያም እንደምታልፉ ጽፈሻል። እዚያ ከሰዓት ይልቅ ሰማይን ተጠንቀቁ፤ የምታዩትን ቁራጭ ሰማይ ሳይሆን ወንዙ የሚመጣበትን አገር ሰማይ ማለቴ ነው። በነሐሴ 1997 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ አሪዞና፣ አንቴሎፕ በተባለው ጠባብ ሸለቆ ውስጥ የነበሩ 11 ሰዎች በደራሽ ጎርፍ አልቀዋል፤ ጎርፉን ያመጣው ዝናብ የዘነበው እነሱ ከነበሩበት ርቆ ነበር። ስለዚህ በማለዳ የላይኛውን ተፋሰስ የአየር ትንበያ ሳታዩ ወደ ጠባቡ አትግቡ፤ ዝናብ የሚል ከሆነም ያንን ክፍል ተዉት።

አሁን ወደ ጫማው ልምጣ። ቁልቁለት ላይ ጣት ወደ ፊት ስለሚገፋ፣ ከጫፉ የአውራ ጣት ስፋት ያህል ክፍተት ያለው ይሁን፤ ከሰዓት በኋላ እግርሽ ትንሽ ካበጠ ወዲያ ለኪው። ቢያንስ ሁለት ሳምንት ሳትረግጪበት ይዘሽው አትሂጂ። የእግር ጥፍርሽን አሳጥሪ፣ ተረከዝሽ እንዳይንሸራተት ማሰሪያውን ቁርጭምጭሚትሽ አካባቢ አጥብቂው። አንድ ቦታ ማቃጠል ሲጀምር ውሃ እስኪቋጥር ሳትጠብቂ እዚያው ቆመሽ ሸፍኚው፤ ጓደኞችሽ ቢጠብቁሽ ምንም አይሆኑም።

ከመሄዳችሁ በፊት ተነጋግራችሁ የምትወስኑትን የመመለሻ ሰዓት ጽፈሽ ላኪልኝ፤ እስከ ስንት ሰዓት ካልደወልሽ ሰው እንድጠራ እንደምትፈልጊም ጨምሪበት። ሰዓቱን የምትጠብቂው አንቺ ከሆንሽ ደግሞ በደረሰ ጊዜ ጮክ ብለሽ ተናገሪ፤ ቢያኮርፉሽም ተናገሪ።

የእኔ የቀኝ እግር አውራ ጣት ጥፍር ጠቁሯል፣ ገና አልወለቀም። ደረጃ ስወርድም እስከ ትናንት ድረስ ግድግዳ እየያዝኩ በጎን ነበር።

የሚወድሽ አባትሽ