ስሙን ስለማታውቂው ዓሣ፤ ደብዳቤ ለልጄ

ለተወደድሽው ልጄ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ ሁላችንም ደኅና ነን። ከባልደረቦችሽ ጋር በሸራ ጀልባ ውቅያኖስ ለማቋረጥ መቁረጥሽን የገለጽሽበት ደብዳቤ ደርሶኛል። በጉዞው ላይ ከጀልባዋ ኋላ መንጠቆ እየጎተታችሁ የያዛችሁትን ለመብላት ማሰባችሁን ጽፈሽ፣ «አይተነው የማናውቀው ዓሣ ቢመጣ የሚበላ መሆኑን በምን እናውቃለን?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። ዕድሜዬን ያሳለፍሁት በዓሣ ጥራት ምርመራ ሥራ ስለሆነ ጥያቄሽን በቀላሉ አላየሁትም። መልሱንም በስልክ ከመንገር ይልቅ ይዘሽው እንድትሄጂ በጽሑፍ ማድረጉን መረጥሁ።

የሚበላውን ዓሣ ከማይበላው የሚለይ አንድ አጠቃላይ ምልክት የለም። ከዓሣው ጋር የተቀቀለ የብር ሳንቲም ከጠቆረ ዓሣው መርዛም ነው፣ ዝንብ ካላረፈበት አይበላም፣ ድመት ከበላችው ሰውም ይበላዋል የሚሉ አባባሎችን በየወደቡ መስማትሽ አይቀርም፤ አንዳቸውንም እንዳታምኚ። ቴትሮዶቶክሲንና ሲጓቶክሲን የተባሉት ሁለቱ አስፈሪ የዓሣ መርዞች ቀለምም፣ ሽታም፣ ጣዕምም የላቸውም፤ መቀቀልም ሆነ መጥበስ፣ ማድረቅም ሆነ በበረዶ ማቆየት አያጠፋቸውም። ዓሣው በሕይወት ሳለ በአካሉ ውስጥ የነበሩ ናቸውና ከባሕር እንደወጣ ወዲያው ቢበላ እንኳ ትኩስነቱ አያድንም። ስለዚህ ለጥያቄሽ መልስ የሚገኘው ዓሣውን በመቅመስ ሳይሆን ማንነቱን፣ የተያዘበትን ስፍራና ከተያዘ በኋላ የቆየበትን ሁኔታ በማወቅ ነው።

ማንነቱን ለመለየት ቀለም ላይ ብዙ አትተማመኚ። ማሂማሂ የሚባለው ግንባረ ገደል ዓሣ ከውኃ ሲወጣ በወርቃማ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ቀለም ያንጸባርቃል፤ ከሞተ በኋላ ግን ያ ሁሉ ጠፍቶ ግራጫ ስለሚሆን በመጽሐፍ ካለው ሥዕል ጋር ማመሳሰሉ ያስቸግራል። ፎቶግራፉን ገና በሕይወት ሳለ አንሺው፤ ከጎኑ ርዝመቱን የሚያሳይ ነገር አድርጊ፤ አፉን ከፍተሽ ጥርሱን፣ ክንፎቹን ዘርግተሽ ቁጥራቸውንና ቅርጻቸውን፣ ከስንጥቡ እስከ ጅራቱ የሚሄደውን የጎን መስመር ለየብቻ አንሺ። ከሁሉም ይልቅ ብዙ የሚናገረው ይህ የጎን መስመር ነው። ለምሳሌ ዋሁና ኪንግ ማክሬል ሁለቱም ረዘም ያሉ፣ ጥርሳቸው የሰላና በሩቁ የሚመሳሰሉ ዓሦች ናቸው፤ ነገር ግን የዋሁ የጎን መስመር በመጀመሪያው የጀርባ ክንፍ ሥር፣ የኪንግ ማክሬል ደግሞ ወደ ኋላ ርቆ በሁለተኛው የጀርባ ክንፍ ሥር በድንገት ወደ ታች ይወርዳል። ልዩነቱ ጥቃቅን ነገር እንዳይመስልሽ፤ ኪንግ ማክሬል ሜርኩሪ የተባለውን መርዛም ብረት በሥጋቸው ውስጥ በብዛት ከሚያከማቹት ዓሦች አንዱ ነው።

እርግጠኛ ሳትሆኚ ሆድ ዕቃውን ወደ ባሕር አትጣዪው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1938 በደቡብ አፍሪካ የኢስት ለንደን ከተማ ቤተ መዘክር ኃላፊ የነበረችው ማርጆሪ ኮርተኔይ ላቲመር ከአንድ የዓሣ አጥማጆች መርከብ ላይ እንግዳ የሆነ ዓሣ አግኝታ ሥዕሉን ለዓሣ ሊቁ ለስሚዝ በደብዳቤ ላከችለት። ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት ጠፍቷል ተብሎ ይታመን የነበረው ሲላካንዝ ነበር። ስሚዝ ደርሶ እስኪያየው ድረስ ግን የሆድ ዕቃው ስለተጣለ የውስጥ አካሉን ለመመርመር እ.ኤ.አ. እስከ 1952፣ ሁለተኛው በኮሞሮ ደሴቶች እስኪያዝ ድረስ፣ መጠበቅ ግድ ሆነ። የኮሞሮ ዓሣ አጥማጆች ግን ዓሣውን ቀድሞውንም ያውቁት ነበር፤ ለምግብ የማይረባ መሆኑንም ጭምር። ሊቃውንቱ ሳይደርሱበት የአካባቢው ሰው የሚያውቀው ዓሣ ብዙ ነውና መልሕቅ በምትጥሉበት ሁሉ እዚያው ተወልደው የሚያጠምዱትን ሰዎች ሳትጠይቁ አትለፉ።

ይህን ምክር የሚያጠነክር ሌላ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1774 የእንግሊዛዊው አሳሽ የጄምስ ኩክ መርከብ በፓስፊክ ውቅያኖስ በምትገኘው በኒው ካሌዶኒያ ደሴት ቆማ ሳለ አንድ እንግዳ ዓሣ ከአገሬው ሰው ተገዛ። ዓሣውን በመሣልና በጽሑፍ በመግለጽ ጊዜው ስለመሸ የተቀቀለው ጉበቱና እንቁላሉ ብቻ ነበር፤ ኩክና አብረውት የነበሩት የተፈጥሮ ተመራማሪዎች፣ ፎርስተር አባትና ልጅ፣ ቀመሱት እንጂ ብዙ አልበሉም። ሌሊት ላይ አካላቸው ዝሎና ደንዝዞ፣ ቀላሉን ነገር ከከባዱ መለየት እስኪያቅታቸው ድረስ ታመው ነቁ። ከሆድ ዕቃው የበላ አሳማ ሞቶ ተገኘ። በማግሥቱ ወደ መርከቡ የወጡት የአገሬው ሰዎች ዓሣው ተሰቅሎ ሲያዩ እንደማይበላ ወዲያው አመለከቱ። ሲገዛ ማንም አላስጠነቀቀም እንጂ እውቀቱ በእጃቸው ነበር።

ከኩክ ሕመም እንደሚታወቀው ዓሣው ሲደነግጥ ራሱን እንደ ፊኛ ከሚነፉት፣ ፓፈር ከሚባሉት ወገን ነበር፤ መርዙም ቴትሮዶቶክሲን ነው። ከምጽፍልሽ ሁሉ ይህን በተለይ አስተውዪ። የፓፈር ጥርሶች ተጋጥመው ከላይ ሁለት ከታች ሁለት ሆነው እንደ ወፍ መንቁር ይታያሉ፤ እንደ ሌሎች ዓሦች የተደራረበ ቅርፊት የለውም፣ ቆዳው ልሙጥ ወይም እሾሃማ ነው፤ የሆድ ክንፍም የለውም። ይህ ወገን በባሕር ዳርቻ ብቻ ይኖራል ብለሽ አትዘናጊ፤ በጥልቁ ባሕር ላይ የሚኖር ዓይነትም አለው። የሚኖርበት ስፍራም ይለወጣል። ብርማ ጉንጭ ያለው አንደኛው ዓይነት ከቀይ ባሕር በሱዌዝ ቦይ በኩል ወደ ሜዲትራኒያን ተሻግሮ እ.ኤ.አ. በ2003 በቱርክ ዳርቻ ታይቷል፤ ከዚያ ወዲህ ስለ ፓፈር ሰምተው የማያውቁ ሰዎች ታመዋል፣ ሞተዋልም። አፉ መንቁር የመሰለና የሆድ ክንፍ የሌለው ዓሣ ከተያዘ ትልቅም ይሁን ትንሽ ሳይታረድ ወደ ባሕሩ ይመለስ። የሠለጠኑ የጃፓን አብሳዮች ያዘጋጁታል ብሎ የሚከራከርሽ ባልደረባ ቢኖር፣ ካቡኪ በተባለው የጃፓን ባህላዊ ቴአትር ዝነኛ የነበረው ተዋናይ ባንዶ ሚትሱጎሮ እ.ኤ.አ. በ1975 ኪዮቶ ውስጥ በምግብ ቤት የቀረበለትን የዚሁ ዓሣ ጉበት በልቶ መሞቱን ንገሪው።

ከላይ ባነሣሁት በሲጓቶክሲን የሚመጣው፣ ሲጓቴራ የሚባለው መመረዝ ደግሞ የዓሣውን ስም ማወቅ ብቻውን እንደማይበቃ ያሳያል። መነሻው በሞቃት ባሕሮች በኮራል ላይና በዙሪያው በሚበቅል ዋቅላሚ (አልጌ) ላይ የሚኖር፣ በዓይን የማይታይ ነፍስ ያለው ነገር ነው። ዋቅላሚውን ትናንሽ ዓሦች ይመገቡታል፣ እነዚያን መካከለኞች፣ መካከለኞቹን ታላላቆቹ እየበሉ መርዙ እየተጠራቀመ ስለሚሄድ ክፉኛ የሚመርዙት ብዙውን ጊዜ ግዙፎቹ ባራኩዳ፣ ግሩፐር፣ ስናፐርና ሞሬይ ናቸው። በአንዱ ደሴት ያለ ምንም ጉዳት የሚበላው ግሩፐር በሚቀጥለው ደሴት ሰውን ሊጥል ይችላል፤ ይህን ቀምሶም ሆነ አይቶ የሚለይ የለም። ማስመለስና ተቅማጥ ይቀድማሉ፤ ከዚያም አፍና ጣቶች ይደነዝዛሉ፤ ቀዝቃዛ ውኃ እንደ እሳት ማቃጠሉ የዚህ በሽታ ልዩ ምልክት ሲሆን ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይቆያል። በዚህ ረገድ ጉዞሽ የተሻለ ነው፤ ከኮራል ርቀው በጥልቁ ባሕር ላይ የሚኖሩት ቱናና ማሂማሂ ከዚህ መርዝ ጋር እምብዛም አይገናኙም። ወደ ደሴቶቹ ስትቀርቡ ግን መንጠቆውን ሰብስቡ፤ በዚያ ስፍራ የተያዘውን ትልቅ ባራኩዳ እኔ በምንም ምክንያት አልበላውም።

መልኩ ማማሩ ወይም ማስቀየሙ ምንም አይነግርሽም። ኦፓህ የሚባለው ክብ፣ ነጠብጣብና ቀይ ክንፍ ያለው ዓሣ ለዓይን እንግዳ ቢሆንም ጥሩ ምግብ ነው። ረጅም የሸራ ቅርጽ ያለው የጀርባ ክንፍና አስፈሪ ጥርስ የያዘው ላንሰትፊሽ ደግሞ መርዝ የለውም፤ ሥጋው ውኃ የበዛበት ስለሆነ ብቻ አይረባም። በአንጻሩ ኤስኮላር ሲታረድ ሥጋው ነጭ፣ ቅባታምና እጅግ ጣፋጭ በመሆኑ ቱና ነው እየተባለ እስከ መሸጥ ይደርሳል። ነገር ግን ቅባቱ የሰው ሆድ ሊፈጨው የማይችል ሰም መሰል ነገር ነውና ከበሉት በኋላ እንደ ዘይት ሳይታወቅ በፊንጢጣ ይወርዳል። ጃፓን ሽያጩን እ.ኤ.አ. በ1977 ከልክላለች። ገዳይ አይደለም፤ ነገር ግን ከወደብ ርቆ ባለ ጠባብ ጀልባ ላይ ተቅማጥና የሰውነት ውኃ ማጣት ቀላል ነገር አይደሉም። ከጀርባ ክንፉ ኋላ ወደ ጅራቱ የተደረደሩ ጥቃቅን ክንፎች ስላሉት ብዙዎች ከቱና ያምታቱታል። ቱና ግን ከእነዚህ ጥቃቅን ክንፎች 7 እና ከዚያ በላይ ሲኖሩት ኤስኮላር ከ4 እስከ 6 ብቻ ነው ያለው፤ የጎን መስመሩም እንደ ሞገድ እየተጠማዘዘ ይሄዳል። የቅርብ ዘመዱ ኦይልፊሽ ቆዳው በሹል እብጠቶች ስለተሸፈነ በእጅ ሲዳሰስ ይታወቃል። ሁለቱም በሌሊት ከጥልቁ ወደ ላይ የሚወጡ ናቸውና ጨለማ ላይ የያዛችሁትን ጥቁር ዓሣ ተጠራጠሩት።

እሾሁ የሚወጋና ሥጋው የሚመርዝ ዓሣ አንድ አይደሉም። ላየንፊሽ በእሾሁ ክፉኛ ይወጋል፤ ሥጋው ግን እሾሁ ከተነሣ በኋላ ይበላል። የእሾህ መርዝ በሙቀት ስለሚፈርስ የተወጋውን እጅ ቆዳን በማያቃጥል ሙቅ ውኃ ውስጥ መንከር ሕመሙን ያስታግሣል።

እስካሁን የጻፍሁልሽ ስለማይታወቀው ዓሣ ነው። በጀልባችሁ ላይ ሕመም ቢመጣ ግን ይበልጥ የምሠጋው በሚገባ ከምታውቁት ዓሣ ነው። በቱና፣ በማክሬልና በማሂማሂ ሥጋ ውስጥ ሂስቲዲን የሚባል ነገር በብዛት አለ፤ ዓሣው ከሞተ በኋላ በሙቀት ላይ ሲቆይ በስንጥቡና በአንጀቱ ያሉ ባክቴሪያዎች ሰውን ወደሚያሳምም ሂስታሚን ወደተባለ ነገር ይለውጡታል። አንዴ ከተፈጠረ በኋላ ምግብ ማብሰልም ሆነ በረዶ አያስወግደውም። የበላው ሰው በደቂቃዎች ወይም በአንድ ሰዓት ገደማ ፊቱ ይቀላል፣ ራሱን ያመዋል፣ ልቡ በፍጥነት ይመታል፣ ቆዳውን ያሳክከዋል። ሽታ ባይኖረውም ምላስን እንደ በርበሬ የሚቆጠቁጥ ዓሣ ይጣል፤ አለመቆጥቆጡ ግን ለደኅንነቱ ማረጋገጫ አይሆንም። ዓሣው እንደወጣ አርዳችሁ ደሙን አፍስሱ፣ ስንጥቡንና ሆድ ዕቃውን አውጡ፣ ከፀሐይ አርቃችሁ በበረዶ ውስጥ ቅበሩት፤ ከ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ይቆይ። በመንጠቆው ላይ ሞቶ በሞቃት ውኃ ሲጎተት ያደረ ዓሣ የቱንም ያህል ቢያምር አይበላ፤ ስለዚህ ገመዱን ቶሎ ቶሎ እዩት።

ጥሬውን መብላት ከፈለጋችሁ በዓሣ ውስጥ የሚኖሩ ትሎች አሉና ቢያንስ በ20 ዲግሪ ከዜሮ በታች ለ7 ቀን ያልቆየውን አብስሉት። ሰይፈ ዓሣ፣ ማርሊንና ሻርክ ሜርኩሪ ስለሚያከማቹ ከመካከላችሁ እርጉዝ ሴት ካለች አትብላቸው።

ስሙን በእርግጠኝነት ልትጠሪው ያልቻልሽውን ዓሣ፣ ርሃብ ካልሆነ በቀር ለምን ትደፍሪዋለሽ? ከወደብ ርቃችሁ ስትሆኑ ሐኪም የሚገኘው በሬዲዮ ብቻ ነው። ዓሣ በልቶ ከንፈሩና ምላሱ የደነዘዘ፣ እግሩ የከዳው ሰው ካለ ወዲያው ድረሱልኝ በሉ፤ ሰውየውን ለብቻው አታስተኙት። የፓፈር መርዝ ማርከሻ የለውም፤ የሚገድለው ግን የመተንፈሻ ጡንቻዎችን በማሰር ስለሆነ እርዳታ እስኪደርስ ትንፋሽ የሚሰጠው ሰው ካገኘ ሊድን ይችላል። መናገር ቢያቅተውም ሊሰማችሁ ስለሚችል አነጋግሩት። የዓሣውን ቁራጭና ፎቶግራፉን ለሐኪሙ አስቀምጡ።

የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት የየባሕሩን ዓሦች የሚለዩ መመሪያዎችን በነጻ ያቀርባል፤ የምታልፉበትን ባሕር የሚመለከተውን አትማችሁ ያዙ፤ በጥልቁ ባሕር በይነመረብ ላይኖር ይችላልና። ስትመልሺልኝ ጀልባዋ ምን ያህል በረዶ መያዝ እንደምትችልና ማቀዝቀዣው በምን ኃይል እንደሚሠራ ጻፊልኝ፤ ስንት ኪሎ የሚመዝን ዓሣ ማውጣት እንደሚገባችሁና የትኛውን በሕይወት ሳለ መልቀቅ እንደሚሻል ያን ጊዜ አስልቼ እነግርሻለሁ።

ቸር ያሰማኝ።

አባትሽ